ሰባት ዓይነት የለም፦ ስለ አዋቂዎች ትኩረት ማጣት ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጎንደር ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የአዋቂዎች ትኩረት ማጣት ነው፤ በብዙዎች አፍ ኤዲኤችዲ የሚባለው። ለእኔም ደጋግሞ ደረሰኝ። የላኩልኝ ሰዎች ስለ ጽሑፉ ያለኝን ሐሳብ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ «እኔ የትኛው ዓይነት ነኝ?» ብለው ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩት በዚህ የተነሳ ነው።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ክፋት አስበው የጻፉትም አይመስለኝም። እንዲያውም አንድ ትልቅ ነገር በትክክል ተናግረዋል፤ ችግሩ የልጆች ብቻ አይደለም ብለዋል። እውነት ነው። ሰው አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ ልጅ ወልዶም አብሮት ሊኖር ይችላል። እስከዚህ አብረን ነን። ከዚያ በኋላ እንለያያለን።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ትኩረት ማጣት ሰባት ዓይነት አለው፤ ለየዓይነቱ የተለየ መድኃኒትና ቫይታሚን አለ፤ አንባቢው ዝርዝሩን አይቶ የራሱን ይምረጥ። ችግሩ የወንዶች ነው፤ ሴቶችን ብዙም አይነካም። ለሰዓታት ኳስ ወይም ፊልም ማየት የሚችል ሰው የለበትም። ቡና ወይም ጫት የሚያረጋጋው ሰው ግን በእርግጥ አለበት። የአንጎል ምስል ያረጋግጠዋል። ያመጣው ስልክና ስኳር ነው። ዓይነቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት መመላለስ አያስፈልገውም።

«ሰባት ዓይነት አለው»

ከዚህ ልጀምር፤ ሌላው ስህተት ብዙው ከዚህ ይመነጫል። የሰባቱን አከፋፈል ያስፋፉት ዳንኤል ኤመን የተባሉ አሜሪካዊ የሳይካትሪ ሐኪም ናቸው። የአንጎልን የደም ዝውውር የሚያሳይ ምስል እያነሱ፣ እሱን ተመርኩዘው ከፋፈሉት። ሰውየው በአገራቸው በቴሌቪዥን ታዋቂ ናቸው። ተመልካች መውደዱ አንድ ነገር ነው፤ የሙያ ባልደረቦችን ማሳመን ሌላ። አከፋፈላቸው በሐኪሞች መመሪያ ውስጥ አልገባም። በዓለም የሚሠራባቸው ዋና መመሪያዎች ሁለት ናቸው። አንዱን የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር ያወጣዋል፣ ሌላውን የዓለም ጤና ድርጅት። ሁለቱም የሚዘረዝሩት ሦስት መልክ ነው፦ ትኩረት ማጣቱ የሚያይልበት፣ ቅብጥብጥነቱና ችኩልነቱ የሚያይልበት፣ ሁለቱም ያሉበት ድብልቅ።

ሦስቱም ቢሆኑ ሰው ላይ ተለጥፈው የሚቀሩ አይደሉም። የመጡበትን መንገድ እዩት። የአሜሪካው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ትኩረት ማጣትን ቅብጥብጥነት ያለውና የሌለው ብሎ ለሁለት ከፈለው። በ1987 መልሶ አንድ አደረገው። በ1994 ሦስት ዓይነት አለው አለ። በ2013 ደግሞ ሦስቱን እንደ ቋሚ ዓይነት ማየቱን ተወ፤ ችግሩ ሰውየው ላይ በአሁኑ ጊዜ የሚታይባቸው መልኮች አድርጎ ወሰዳቸው። ምክንያቱም ሰዎቹን ለዓመታት ሲከታተሏቸው አንድ ቦታ አልቆሙም። በሰባት ዓመቱ ወንበር ላይ የማይረጋው ልጅ በሠላሳ ዓመቱ ቁጭ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ቁጭ አይልም። በልጅነቱ ድብልቅ የተባለው ሲያድግ ትኩረት ማጣቱ ብቻ ጎልቶ ይታይበታል።

ስለዚህ «ዓይነትህን ምረጥ» ማለት ከመነሻው አያስኬድም። ሰዎች ዓይነታቸውን እንደ ኮከባቸው ይዘው ሲዞሩ እያየሁ ነው። «እኔ አራተኛው ነኝ»፣ «ባለቤቴ ስድስተኛዋ ናት» ይላሉ። ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ የሄደ ሰው ኮከብ የለህም ተብሎ አይመለስም። ሰባት ሰፋፊ ዝርዝር የቀረበለት አንባቢም አንዱ ላይ ማረፉ አይቀርም። ቁልፍ የማይጠፋበት ማን አለ? በጥናት የሚገመተው ግን ከ100 አዋቂዎች ችግሩ ያለባቸው 2 ወይም 3 ያህል ሰዎች መሆናቸው ነው።

ለየዓይነቱ የተለየ መድኃኒት አለ የሚለውም ትክክል አይደለም። ሐኪሞች ለሦስቱም መልኮች የሚያስቧቸው መድኃኒቶች ተመሳሳይ ናቸው። ምርጫውን የሚወስነው የሰውየው ልብ፣ የደም ግፊቱ፣ ሌላ ሕመሙና አብሮ የሚወስደው ነገር ነው።

ታዲያ አዋቂ ላይ እንዴት ይታወቃል?

ጽሑፉ ቢዘረዝረው ደስ የሚለኝ ይህንን ነበር። ቀጥዬ የማነሳቸው ሰዎች አንድ የተወሰነ ሰው አይደሉም። ከብዙ ሰው ታሪክ የተቀዱ ናቸው፤ «እገሌን ነው» እንዳትሉ።

ትኩረት ማጣቱ ከሚያይልበት እንጀምር። የማኅበር ተራዋ የደረሰ ሴት አስቡ። ቀኑን አልረሳችውም። ጠላ ግን በአንድ ቀን አይደርስም። ጌሾው አለ፣ ብቅሉ አለ፣ ጥንስሱ በቀኑ፣ ድፍድፉ በቀኑ። እያንዳንዱን ሥራ ትችለዋለች፤ ለጎረቤት ስትጠምቅ እጇ የተመሰገነ ነው። የሚያቅታት ቅደም ተከተሉን ይዞ ከጊዜው ጋር መሄድ ነው። «ገና ነው» ስትል ይደርሳል። በመጨረሻ ጠላው ተገዝቶ ማኅበርተኛው ይስተናገዳል። እሷ ግን «ምን ሆኜ ነው?» እያለች ታድራለች። የዕቁብ ቀን ያልፋታል። ዕድር ላይ መቅረት እንዳበዛች ተቆጥሮ ትቀጣለች፤ ሰው ግን «ንቃን ነው» ይላል። እያወሩላት አልሰማችም። ዓይኗ እናንተ ላይ ነው፤ ቀልቧ ሌላ ቦታ ነው።

ወይም ማራኪ ሰፈር የሚያስተምር መምህር ውሰዱ። ክፍል ሲገባ ተማሪ ይወደዋል። ፈተና ማረም ላይ ግን ጉድ ይፈላል። ወረቀቱን ይዘረጋል፣ ጥቂት ያርማል። የአንዱ ተማሪ ስም አልነበብ ይለውና የስም ዝርዝር ፍለጋ ይነሳል። መሳቢያው ውስጥ የድሮ ፎቶ ያገኛል። ፎቶው ላይ ያለው ጓደኛው ትዝ ይለውና ይደውልለታል። መሸ። ውጤት ማስገቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ሁሉንም አርሞ ይጨርሳል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መጨረስ ይችላል። የሚጨርሰው ግን ነገሩ አንገቱ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ኖሯል።

ቅብጥብጥነትና ችኩልነት ብቻውን የሚያይልበት አዋቂ ጥቂት ነው። ሲኖር ግን ይታወቃል። ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ አንድ የባጃጅ ሹፌር ላስብ። ተራ መጠበቅ አይሆንለትም። ፊቱ ያለው መኪና ትንሽ ከዘገየ በጠባቧ ገብቶ ያልፋል። በአደጋ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ትኩረት ማጣት ያለባቸው አሽከርካሪዎች ከሌላው ይልቅ አደጋ እንደሚደርስባቸው ያሳያሉ። ሰው ወሬውን ሳይጨርስ ይመልሳል። ሽማግሌ እየተናገሩ ያቋርጣል፤ እኛ አገር ደግሞ ይህ «ያልተቀጣ» ያሰኛል። ቅዳሴ ላይ ቆሞ መቆየት ያቅተውና ወጥቶ ይገባል። የሰበሰበውን ብር ባየው ነገር ላይ ያፈሰዋል፤ ማታ ይጸጸታል። ሥራ ይቀያይራል። ዛሬ ባጃጅ፣ ነገ ሱቅ፣ ከነገ ወዲያ «መተማ ሥራ አለ አሉ» ብሎ ሻንጣ ይይዛል።

አዋቂው እንደ ልጅ ወንበር ላይ አይዘልም። መቅበጥበጡ ወደ ውስጥ ይገባል። እግሩን ያንቀጠቅጣል፣ እስክሪብቶ ይቀጠቅጣል፣ ዕረፍት ቀን ላይ ማረፍ ያቅተዋል። ከውጭ የሚያየው ሰው «ረጋ ያለ ነው» ሊል ይችላል።

ድብልቁ የሁለቱ አንድ ላይ መሆን ነው፤ ብዙ አልልበትም። አዋቂዎች ላይ የሚበዙት ትኩረት ማጣቱ የሚያይልበትና ድብልቁ ናቸው።

አሁን ሚዛኑን እንይ። የአሜሪካው መመሪያ ለትኩረት ማጣት 9፣ ለቅብጥብጥነትና ችኩልነት 9 ምልክቶች ይዘረዝራል። ከ17 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ከአንዱ ወገን ቢያንስ 5ቱ ሊኖሩ ይገባል፤ ለልጆች 6 ነው። ቢያንስ ለ6 ወር መቆየት አለባቸው። ከምልክቶቹ የተወሰኑት ከ12 ዓመት በፊት የታዩ መሆን አለባቸው። ከአንድ በላይ ቦታ መታየት አለባቸው፤ ቤትም ሥራም፣ ወይም ትምህርት ቤትም ሰፈርም። ኑሮን በግልጽ የሚጎዱ መሆን አለባቸው። ሌላ ሕመም የተሻለ የሚያስረዳቸው መሆን የለባቸውም።

ጽሑፉ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የያዘው። ምልክት ቁጠር አለ፤ የቀረውን ተወው። ትልቁ ሥራ ያለው ግን በቀረው ውስጥ ነው። አለቃው ከተቀየረ በኋላ ቢሮ ብቻ ትኩረቱ የጠፋ ሰው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት የጀመረውም ሌላ ነገር ነው። ፊደል ከቆጠረበት ጊዜ ጀምሮ ደብተሩ እየጠፋ፣ «ልጅዎ ጎበዝ ነው፤ ግን ቀልቡን አይሰበስብም» እየተባለ፣ አድጎም ደመወዙ፣ ትዳሩና ጓደኝነቱ በዚሁ የተጎዳ ሰው ግን መታየት አለበት።

መጠይቅ ከተፈለገ ደግሞ ደህና አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው የመለያ መጠይቅ የመጀመሪያ ክፍሉ 6 ጥያቄ ብቻ ነው። የሥራን የመጨረሻ ቁራጭ ማጠናቀቅ ይቸግርሃል? ነገሮችን በቅደም ተከተል ማዘጋጀትስ? ቀጠሮና ግዴታ ትረሳለህ? ብዙ ማሰብ የሚጠይቅ ሥራ ለነገ ትላለህ? ረጅም ጊዜ ስትቀመጥ እጅና እግርህ ይቁነጠነጣል? ሞተር እንደሚነዳህ ያለ ዕረፍት የመሯሯጥ ስሜት አለህ? መልሱ «ብዙ ጊዜ» ከሆነ ባለሙያ ማየት ይገባል ማለት ነው። አለብህ ማለት አይደለም።

«የወንዶች ችግር ነው»

ይህ አባባል ስንት ሴት እንደጎዳ ጸሐፊው ቢያውቁ አይጽፉትም ነበር። የአሜሪካው መመሪያ እንደሚለው በልጆች መካከል ወንዶቹ ከሴቶቹ 2 ለ1 ይሆናሉ። አዋቂዎች ላይ ሲደርስ ልዩነቱ ጠቦ 1.6 ለ1 ይሆናል። ሴቶቹ ሲያድጉ በሽታው ይዟቸው አይደለም። በልጅነታቸው ያያቸው አልነበረም።

የሚረብሽ ወንድ ልጅ ቤተሰቡ ይጠራል። ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት የምታየው ልጅ ማንንም አትረብሽም። «ፈዛዛ ናት» ተብላ ታልፋለች። ቤት ውስጥ ደግሞ ሴት ልጅ ብትረሳ ይቅር አትባልም፤ ወጡ አረረ፣ ውኃው ሳይቀዳ ሄደ፣ ቡናው ገነፈለ። ስለዚህ መደበቅን ትለምዳለች። ከሰው ሁለት እጥፍ ትለፋለች፣ ሁሉን ነገር ወረቀት ላይ ትጽፋለች፣ ወረቀቱ ይጠፋባታል። ሐኪም ዘንድ የምትመጣው በጭንቀት ወይም በድባቴ ነው። የሚታከመውም እሱ ብቻ ይሆናል።

አንዳንዷ ልጇን አሳክማ ስትጨርስ «እኔም እንዲህ ነበርኩ» ትላለች። የሚያስገርም አይደለም። ይህ ችግር በዘር የመተላለፍ ኃይሉ ትልቅ ነው፤ በመንታዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከ70 እስከ 80 በመቶ ያደርሱታል። ልጅ ተመርምሮ ከተገኘበት አባትና እናትንም መጠየቅ ብልህነት ነው።

«ለሰዓታት ኳስ የሚያይ ሰው የለበትም»

እንዲህ ቢሆን ሥራችን በቀለለ ነበር። የፋሲል ከነማን ጨዋታ ዓይኑን ሳይነቅል የሚያይ ሰው፣ የቤት ኪራይ ውሉን ግን እስከ መጨረሻው ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። ችግሩ ትኩረት ፈጽሞ አለመኖሩ አይደለም። ትኩረትን በፈለጉበት ሰዓት፣ በፈለጉት ነገር ላይ ማሳረፍ አለመቻል ነው። ነገሩ የሚወደድ፣ አዲስ ወይም አስቸኳይ ከሆነ አእምሮው ራሱ ይነጠቃል። አሰልቺ ከሆነ በግድም አይሄድም።

በአታ አካባቢ አቋቋም ሊማር ከሩቅ የመጣ የአብነት ተማሪን አስቡ። ዜማውን ሌሊት ይዞ ያድራል፤ ቃሉ ከጽናጽሉ፣ እግሩ ከከበሮው አይለይም። ጠዋት ውኃ ቅዳ ሲባል ማሰሮውን መንገድ ላይ ትቶ ይመጣል። መምህሩ «ስትፈልግማ ትችላለህ!» ቢሉት እውነታቸውን ነው የሚመስለው። የሚጎዳውም ይህ ነው፤ ሰው ሁሉ ፈልጎ የሚያጠፋ ይመስለዋል።

«ቡናና ጫት ያረጋጋህ እንደሆነ አለብህ»

ከጽሑፉ ሁሉ ያስፈራኝ ይህ ነው። መነሻው የታወቀ ነው። ለትኩረት ማጣት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋነኞቹ አነቃቂዎች ናቸው። አነቃቂ ቀስቃሽ ሲሆን ቅብጥብጡን ካረጋጋው፣ መረጋጋቱ ራሱ ምርመራ ይሆናል ተብሎ ታሰበ። ድሮ አንዳንድ ሐኪሞችም እንዲሁ ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ግን በአሜሪካ ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቻቸው ምንም ችግር ለሌለባቸው ወንዶች ልጆች አምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት ሰጥተው አዩ። ጤነኞቹም ረጉ፣ ትኩረታቸውም ተሻለ። ስለዚህ «አረጋጋኝ» የሚለው ስሜት ያለበትንና የሌለበትን አይለይም።

ወደ ቤታችን ስናመጣው ነገሩ ይብሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ መንፈሱ የማይሰበሰብ ማን አለ? በዚህ መመርመሪያ የጎንደር ሕዝብ ግማሹ ታማሚ ሊሆን ነው። ቡናው ይቅር ይበለን፤ ጫቱ ግን ቀልድ አይደለም። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሐሳቡ የተሰበሰበ፣ መጽሐፉ የገባው ይመስላል። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ያልተኛ ሰው በማግስቱ ትኩረት የለውም። ትኩረት ስለሌለው መልሶ ይቅማል። ፈተና ሲደርስ በዚህ አዙሪት ውስጥ የሚገቡ ተማሪዎችን አውቃለሁ፤ ከፈተናው በኋላ ድብርቱና ዱካኩ ይከተላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ ያንን ጽሑፍ አንብቦ «ለካ አለብኝ፤ ጫት ነው መድኃኒቴ» ቢልስ? ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። በብዛት ሲሆን ሰውን ከእውነታ ሊያወጣ ይችላል። ትኩረት ማጣት በእርግጥ ያለበትና አነቃቂ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከሆነም፣ በላዩ ላይ ሲቅም ልቡ ላይ ድርብ ጫና ነው። ሐኪም «ትቅማለህ?» ሲል ሊወቅስ አይደለም፤ እውነቱን ንገሩት።

የአንጎሉ ምስል፣ ስልኩና ስኳሩ

እነዚህን አንድ ላይ ልለፋቸው። ትኩረት ማጣትን ለይቶ የሚያሳይ የአንጎል ምስል በሕክምና ውስጥ የለም። በብዙ ሰው አማካይ ሲታይ ልዩነት የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የአንድን ሰው ምስል ተመልክቶ አለበት፣ የለበትም ማለት ግን አይቻልም። ምስል የሚታዘዘው ሌላ ነገር ሲጠረጠር ነው። ላም ሸጦ ምስል ሊነሳ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ ከጉዞው በፊት ባለሙያ ያማክር።

ስልክ አመጣው ለሚለው፣ ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ክራይተን ትኩረቱ የማይረጋ ሰውን ገልጾ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1798 ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲልም ለንደን ላይ ስለ እንዲህ ያሉ ልጆች ያስተማረው በ1902 ነው። ያኔ የማን ስልክ ነበር? በ2018 የታተመ የሎስ አንጀለስ ተማሪዎች ጥናት ስልክና መሰሉን አዘውትረው በሚጠቀሙት ላይ ምልክቶቹ በመጠኑ መብዛታቸውን አሳይቷል። ምክንያቱ ስልኩ ነው ለማለት ግን አይበቃም። ቀልቡ የማይሰበሰበው ልጅ ራሱ ወደ ስልክ ይሳባልና። ይህን ስል ስልክ ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። እኩለ ሌሊት ድረስ ቲክቶክ ላይ ያመሸ ሰው ጠዋት ቢፈዝ ምን ይደንቃል? ስኳርን በሚመለከት በ1995 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ስኳር የልጆችን ባሕርይ እንደሚለውጥ ማስረጃ አላገኘም።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው

ትኩረት ማጣትን የሚመስሉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ እዚህ ከተማ ደግሞ በጣም ብዙ ናቸው። ጸሐፊው አንድ መስመር እንኳ አልሰጧቸውም።

አንገቱ ላይ እንቅርት ያለበትን ሰው አስቡ። ደጋው አገራችን አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት እንግዳ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራው ሲበዛ ሰው ይቁነጠነጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ልቡ ይመታል። ሲያንስ ይፈዛል፣ ይረሳል፣ ሥራ ይከብደዋል። ሁለቱም በደም ምርመራ ይታያሉ። ደም ማነስ ያለባት የቅርብ ወላድም «ቀልቤ ጠፋ» ብትል ከደሟ መጀመር ይገባል። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ደብተራ በማግስቱ ቢረሳ እንቅልፍ ነው የሚያስፈልገው። ድባቴ ትኩረት ይነጥቃል፤ ጭንቀትም እንዲሁ። ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም ያለበት ሰው ሲነሳበት ችኩልና ቅብጥብጥ ይሆናል። እሱ ግን መጥቶ ይሄዳል፤ ትኩረት ማጣት ከልጅነት ጀምሮ ያለማቋረጥ አብሮ ይኖራል።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አለ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ሰው ብዙ አይቷል። ተኩስ የሰማ፣ ዘመድ የቀበረ፣ ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው ትኩረቱ ቢበተን ምን ይገርማል? በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ሌሊት ይባንናል። መጽሐፍ ሲገልጥ ያ ቀን ይመጣበታል። ይህ ሰው የሰባቱን ዝርዝር ቢያነብ የጭንቀት ነው የሚለውን ዓይነት መርጦ፣ የተጻፈለትን ቫይታሚን ገዝቶ ይገባል። የሚያስፈልገው ግን ስለ ደረሰበት ነገር የሚያናግረውና የሚያክመው ሰው ነበር። እንዲህ ላለ ሰው የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ «ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበርክ?» እላለሁ። «ደህና ነበርኩ» ካለ መንገዱ ሌላ ነው። «ከልጅነቴም እንዲሁ ነበርኩ፤ አሁን ባሰብኝ» ካለ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ይታከማሉ።

«ሐኪም ቤት አያስፈልግም»

ያስፈልጋል። ጎንደር ደግሞ በዚህ ዕድለኛ ናት። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን ዛሬ ሪፈራል ሆስፒታሉ ውስጥ የሳይካትሪ አገልግሎት ይሰጣል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ይምጣ፤ ጸበሉን ተው የሚለው የለም።

ስትመጡ ብቻችሁን ባትመጡ ጥሩ ነው። እናት፣ ታላቅ እኅት ወይም ያሳደገች አክስት ይዛችሁ ኑ። እናንተ የረሳችሁትን እነሱ አይረሱትም። የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ ካለ ይምጣ፤ ከውጤቱ ይልቅ መምህሩ ግርጌው ላይ የጻፈው አስተያየት ይጠቅማል። ምርመራው በአብዛኛው ጥያቄና መልስ ነው። ልጅነት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ገንዘብ፣ እንቅልፍ፣ ጫት፣ መጠጥ ይጠየቃል። ግፊትና የልብ ምት ይለካል። እንደ አስፈላጊነቱ ደም ይታያል።

ችግሩ ካለ ሕክምና አለው። ሜቲልፌኒዴትን የመሳሰሉ አነቃቂዎች አሉ፤ አነቃቂ ያልሆነው አቶሞክሴቲንም አለ። የትኛው እንደሚገኝና እንደሚስማማ ከሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነው። ለአዋቂ የተዘጋጀ የንግግር ሕክምናም አለ፤ ሥራን መከፋፈልን፣ ጊዜን ዓይን ፊት ማስቀመጥን፣ ችኩልነትን ማዘግየትን ያለማምዳል። ጽሑፉ የዘረዘራቸው ቫይታሚኖች ግን እጥረት ለሌለበት ሰው ይህን ችግር እንደሚያድኑ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ብሩ ለጤፍ ይሁን።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፉን እንደገና የሚያወጡት ከሆነ ሌላው ላይ ብንከራከርም የቡናና የጫቱን አንቀጽ ያውጡልን። በምትኩ የዓለም ጤና ድርጅትን ስድስት ጥያቄዎች ያስገቡ። ከሥራቸውም «ይህ የጀመረዎት መቼ ነው?» የሚል መስመር ይጨምሩ።